ስለ ካርድ በር ለነዋሪው የተደረገ ንግግር



በካርድ የሚከፈት በር አስገጥመን ከቤታችን ኔትወርክ ጋር ልናገናኝ ያሰብን ካለን፣ አስቀድመን ይህን እንወቅ።

በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠራው ርካሽ ካርድ ለማንበቢያው የሚነግረው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የቀዳ ሰው ቁልፋችንን አስቀረጸ ማለት ነው። በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ምስጢር ጠባቂ ካርድ እንጠይቅ። ከዚያም ውስጥ ማይፌር ክላሲክ የሚባለውን እንተው፤ ምስጢሩ በ2000 ዓ.ም. ተፈትቷል።

ደጅ የሚሰቀለው ማንበቢያው ብቻ ይሁን። በሩን የሚከፍተው ሳጥንና የኔትወርኩ ገመድ ከውስጥ ይቀመጡ፤ ገመዱ ደጅ ከዋለ ሌባ አጥር ሳይዘል ገባ ማለት ነው። ከፋብሪካ የመጣውንም የይለፍ ቃል እንለውጥ።

መብራት ይጠፋልና ባትሪ ይኑር፤ የብረት ቁልፉም አይጣል። ከሁሉ በላይ በሩ ከውስጥ ያለ ካርድ በእጅ የሚከፈት ይሁን። እሳት ቢነሣ ካርድ የሚፈለግበት ጊዜ የለም።