የቤተልሔም ድጓ በማን እንጀራ ቆመ?

ጋይንት፣ ስማዳም ሆነ እስቴ ቤተልሔምን ያልሰማ የለም። ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌላው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት። ውስጧ ግን ባለ አራት ማዕዘን፣ ጥንታዊ የጥርብ ድንጋይ ሕንፃ አለ።

ድጓ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ ነው። የደረሰው በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው ይባላል። ተማሪው ከጎጃምም ይምጣ ከሸዋ፣ የድጓ መምህር ለመባል ቤተልሔም ገብቶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ደግሞ እዚያው ጋይንት፣ ዙር አባ ይወርዳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተማሪ ምን በልቶ ይማራል? እኛ ዩኒቨርሲቲ ስንማር ቀለባችን ከመንግሥት ነበር። የቆሎ ተማሪ ግን ደሞዝ የለው፣ እርሻ የለው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላ እየመከተ ከደጃችሁ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይዛ የምትወጣው እናት ናት። ለልጆቿ ካስቀመጠችው ቀንሳ እኮ ነው! ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት ቁራሹም ያንሳል።

የመምህራኑ ስም ሲወሳ ይኖራል። የጋጋሪዋ ስም ግን የትም አልተጻፈም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ እሷም ሆነች ባሏ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህ ያስቆጫል።

እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። ተማሪ ያበሉትን እናቶች ስም ሽማግሌዎቹን እየጠየቃችሁ በደብተራችሁ አስፍሩልን። በእርሳስም ይሁን።