አልቲያ ጊብሰን፤ ማዕረግና መተዳደሪያ
(በድሬዳዋ ደቻቱ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ፣ ክረምቱ ሲከብድ በ1998 ዓ.ም. እንደታየው ነፍስ የሚያጠፋ ጎርፍ ያወርዳል፤ በበጋ ግን አሸዋው ደርቆ ለልጆች መጫወቻ ይሆናል። በዚያ አሸዋ ላይ የምትጫወት አንዲት ልጃገረድ ተሰጥዎ ቢኖራት ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቋታል። አንደኛው፣ ወደ ሜዳው የሚያስገባውን በር ማን ይከፍትላታል? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ገብታ ካሸነፈች በኋላ በምን ትተዳደራለች? የሚለው ነው። የአሜሪካዊቷ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች የአልቲያ ጊብሰን ታሪክ ሁለቱንም ጥያቄዎች አጉልቶ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልቲያ በ1927 በደቡብ ካሮላይና፣ በሰው መሬት ጥጥ ከሚያለሙ ጭሰኞች ተወለደች። ቤተሰቧ ወደ ኒውዮርክ፣ ሐርለም ፈለሰ። በዚያም በጎዳና ላይ በእንጨት መምቻ የሚደረገውን ጨዋታ ተማረች። ጎረቤቶቿ ገንዘብ አዋጥተው የጥቁሮች ቴኒስ ክበብ አባል አደረጓት። በ1946 ሁለት ጥቁር ሐኪሞች፣ ዶክተር ሁበርት ኢተንና ዶክተር ዋልተር ጆንሰን፣ ተሰጥዎዋን አይተው እንደ ልጃቸው ተቀበሏት። የጣሉባት ግዴታ ግን ነበር፤ ይኸውም ያቋረጠችውን ትምህርት እንድትቀጥል ነው። እርሷም በ1953 ከኮሌጅ ተመረቀች።

በጥቁሮች ሻምፒዮና ከ1947 ጀምሮ ዐሥር ጊዜ በተከታታይ ብታሸንፍም፣ ታላቁ የአሜሪካ ውድድር ተዘግቶባት ቆይቶ ነበር። በ1950 የቀድሞዋ ነጭ ሻምፒዮን አሊስ ማርብል በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ ይህን አድልዎ በግልጽ አወገዘች። በዚያው ዓመት በሩ ተከፈተ። በ1956 ጊብሰን የፈረንሳይን ሻምፒዮና በማሸነፍ ከታላላቆቹ አራት ውድድሮች በአንዱ ድል ያደረገች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ሆነች። በ1957ና በ1958 ደግሞ የዊምብልደንንና የአሜሪካን ሻምፒዮና ደጋግማ ወሰደች። በ1957 የዊምብልደኑን ሽልማት የተቀበለችው ከንግሥት ኤልሳቤጥ እጅ ሲሆን፣ የኒውዮርክ ሕዝብም በአደባባይ ሰልፍ ተቀብሏታል።

ይሁን እንጂ እስከ 1968 ድረስ በእነዚህ ውድድሮች መሳተፍ የሚፈቀደው ለአማተሮች ብቻ ነበር፤ አሸናፊውም የገንዘብ ሽልማት አያገኝም። ማዕረግ በራሱ እንጀራ አይሆንምና፣ ጊብሰን በዝናዋ ጫፍ ላይ ሳለች አማተርነትን ትታ፣ ከቅርጫት ኳስ ትርኢት በፊት ለተመልካች ስትጫወት ታየች። በ1964 ወደ ሴቶች ባለሙያ ጎልፍ ገባች፤ በዚያም የመጀመሪያዋ ጥቁር ብትሆንም ብዙ ገቢ አላገኘችበትም። ዘጠኝ ሴቶች የአንድ ዶላር ውል ፈርመው የራሳቸውን ውድድር የመሠረቱት በ1970፣ የአሜሪካው ሻምፒዮና ለወንድና ለሴት እኩል ሽልማት የሰጠው በ1973 ነው። ጊብሰን ያን ጊዜ ከአርባ ዓመት አልፋ ነበር። በ1975 በኒው ጀርሲ የስፖርት ኮሚሽነር ሆና ብትሾምም፣ በእርጅናዋ ሕመምና ችግር ተደራረቡባት። የቀድሞ የጥንድ ጨዋታ ጓደኛዋ አንጄላ በክስተን ከቴኒስ ወዳጆች ርዳታ አሰባሰበችላት። በ2003 በ76 ዓመቷ ዐረፈች።

ክቡራትና ክቡራን፤ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና፣ ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃበር በ2022 በዊምብልደን ፍጻሜ፣ ለአፍሪካ ሴቶች የተዘጋ የሚመስለው በር እንደሚከፈት አሳይተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ምላሽ ማግኘት ጀምሯል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ግን ዛሬም የአሠልጣኙንና የመምህሩን ደጅ ያንኳኳል። ልጃገረዲቱን ከአሸዋው ወደ ሜዳው የሚያመጣት ሰው፣ ከሜዳው የምትወጣበትንም ቀን አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ሁለቱ ሐኪሞች ራኬት ብቻ ሳይሆን ደብተርም አስይዘዋት ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የሙያ ምክር አይገኝም።