የስም ጥሪውና የመጋዘኑ በር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ተማሪዎች የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሥራ አካሄድ ለማሻሻል ስለሚያደርጉት እርዳታ እንድናገር የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሲጋብዘኝ፣ በቅድሚያ ትዝ ያለኝ እኔው ራሴ ተማሪ ሳለሁ የፈጸምሁት ስሕተት ነው። እንግዲህ ከዚያው ልጀምር።

ተማሪን ወደ ገጠር ማሠማራት በአገራችን የቆየ ነገር ነው። በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ማንኛውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን እንዲዘምቱ ታቀደ። እኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ወሎ፣ ቦረና ደረስሁ።

መካነ ሰላምን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ውርጫማ ደጋ ያቋረጠ መንገደኛ የሚያርፍባት ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የእኛ የዘማቾቹ ዋነኛ ተግባር በየ800 ሄክታሩ የገበሬ ማኅበር ማደራጀት ሆነ። ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ማስመረጥ፣ ቃለ ጉባኤ ማስያዝ፣ የአባላቱን ስም መመዝገብ ማለት ነው። የእጅ ጽሑፌ ያምር ስለ ነበር መዝገቡ ለእኔ ተሰጠኝ።

ሽማግሌዎቹ ሰዎቹን የሚቆጥሩት በየጎጡ ነበር። ከምንጩ ራስ ካለው ቤት ጀምረው፣ ቤት ቤቱን እየተከተሉ፣ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ። ይህ ለእኔ የተዝረከረከ መሰለኝ። ሌሊቱን በኩራዝ ቁጭ ብዬ ስሙን ሁሉ በሀ ሁ ተራ ገልብጬ፣ በቀይ ቀለም አስምሬ አቀረብሁ። የሞቱ ሰዎች ስም ሲያጋጥመኝም ሰረዝሁ። መሬት ሲደለደል ግን አንዲት ባልቴት ስሟ ሳይጠራ ቀረ። በሽማግሌዎቹ ቆጠራ ውስጥ የነበረችው በሟች ባሏ ስም ነበር፤ እኔ የሰረዝሁት እርሱን ነው። በጎጥ ተራ ቢነበብ ኖሮ በግራና በቀኝ ያሉት ጎረቤቶች የተዘለለውን ቤት ወዲያው ባወቁት። በሀ ሁ ተራ ግን ጎረቤት የሚባል ነገር የለም። ስሟ እስኪታረም የአንድ ክረምት ዘር አለፋት። እኔ በዚያ ጊዜ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሬ ስለ ነበር ነገሩን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ይህን የማነሣው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ከሰሜኑ ጦርነት ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ አምስት የሒሳብ አያያዝና የሥራ አመራር ተማሪዎችን ይዤ ወደዚያው አካባቢ ተመልሼ ነበር። ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት በየወሩ እህል የሚያድል አንድ አነስተኛ ድርጅት የእደላ ሥራው እንዲቃናለት እርዳታ ጠይቆን ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት አንዳችም ሐሳብ ሳይሰጡ በመጋዘኑ በር ተቀምጦ ሰዓት መያዝ ነበር። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ እኔ በዕድሜያቸው ሳለሁ ይህ ትዕግሥት አልነበረኝም። ማልዳ የመጣች አሮጊት ቀትር ካለፈ በኋላ ስትመለስ፣ እህሉን ለመስፈር የፈጀው ጊዜ ግን እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ ተመለከቱ። የቀረው ሁሉ ጥበቃ ነበር። መጋዘን ጠባቂው ለእያንዳንዱ ሰው ሞዴል 22 የሚጽፈው ሰውየው ፊቱ ከቆመ በኋላ ነው። ፊርማው የሚጠበቀው ገንዘብ ያዥ ደግሞ መምህር በመሆኑ ከክፍል የሚወጣው በቀትር ነው።

ይህ ዓይነቱ ነገር የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ዮርክ፣ ሃርለም በሚገኝ አንድ የነዳያን ምግብ ቤት፣ የቶዮታ ኩባንያ መሐንዲሶች ገንዘብ በመስጠት ፈንታ ሰልፉን አጥንተው፣ እስከ 90 ደቂቃ ይደርስ የነበረውን ጥበቃ ወደ 18 ደቂቃ እንዳወረዱት በጋዜጣ ተዘግቧል።

የተማሪዎቹ የመጀመሪያ ሐሳብ መጋዘን ጠባቂው ራሱ ፈርሞ ራሱ እንዲያወጣ ነበር። ይህን አልተቀበልሁትም። እናንተም እንደማትቀበሉት አውቃለሁ፤ ቁልፍ የያዘና ፈቃድ የሚሰጥ አንድ ሰው ከሆነ ቁጥጥር የለም። ከብዙ ክርክር በኋላ ወጪ ሰነዱ በዋዜማው ተዘጋጅቶ፣ ገንዘብ ያዡ ማታ ፈርሞበት እንዲያድር፣ ተቀባዮቹም በአንድ ዝርዝር ላይ የጣት አሻራቸውን እንዲያኖሩ ተስማማን። የእደላው ቀንም ሩቅ ያሉት ሁለት ጊዜ እንዳይመላለሱ በገበያ ቀን ሆነ።

ጭንቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጋዘኑ ከመከፈቱ በፊት የየሰፈሩ የቅሬ አባቶች ስም በቃል ይጠራሉ። ቅሬ በሌላው አገር ዕድር የምንለው መሆኑን ታውቃላችሁ፤ በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት ነው። ስም ሲጠራ ሕዝቡ «አለች»፣ «ታማለች»፣ «ነፍስ ይማር» እያለ ይመልሳል። ጥሪው ረጅም ነው፤ ወግም ይገባበታል። ተማሪዎቹ ይህን ከማያስፈልጉ ተግባራት መድበው እንዲቀር ጻፉ፤ ስሙ በዝርዝሩ ላይ አለና። ልፈርምላቸው ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ያቺ ባልቴት ታወሰችኝ።

በማግሥቱ ተማሪዎቹን ይዤ ከሽማግሌዎቹ ወደ አንዱ ሄድሁ። አባት በእርጋታ አስረዱን። ወረቀት የሞተውን አይቀብርም፣ የታመመውንም አይጠይቅም፤ በጥሪው ግን የሞተ ሰው እህል አይወጣም፣ የታመመ ሰውም ድርሻ ወደ ቤቱ ይላካል። ከዚህ የበለጠ ኦዲት በየትኛው መጽሐፋችን እንደ ተጻፈ አላውቅም። ጥሪው እንዲቀጥል ተወሰነ፤ ነገር ግን በዋዜማው፣ ሰነዱ ከመዘጋጀቱ በፊት፣ በየሰፈሩ እንዲሆን። ሐሳቡን ያመነጨችው ጥሪው ይቅር ብላ የጻፈችው ተማሪ ራሷ ናት። ዝርዝሩም በጎጥ ተራ ተጻፈ።

ዛሬ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ስላለው፣ እንዲህ ያለው ሥራ ከሩቅ መጥቶ በወሩ በሚመለስ ተማሪ ላይ ብቻ የሚንጠለጠልበት ምክንያት የለም። እኛ ያን ጊዜ የነበረን ሦስት ሳምንት ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ሳምንት ሙሉ ተማሪዎቹ እጃቸውን አጣምረው እንዲቀመጡ፣ መጋዘን ጠባቂውና የቅሬው ጸሐፊ ብቻ እንዲሠሩ አደረግሁ። ተማሪዎቹ ተቆጡ። መጋዘን ጠባቂውም መጀመሪያ ላይ ተሳሳተ፤ ግን ራሱ አረመው።

ከዓመት በኋላ ስልክ ደውዬ መዝገቡ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ደኅና መሆኑን፣ ከሠራንለት ስምንት ዓምዶች ግን ሁለቱን እንደ ሰረዛቸው ነገረኝ። የትኞቹን ብለው፣ «ለሪፖርት» ብለን የጨመርናቸውን ኖሯል።