ሰብልን ከበሽታ ለመከላከል የጂን አርትዖት ያለው ጥቅምና ወሰን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ሰብል በሽታ መናገሬ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። በእርግጥም ሙያዬ ምሕንድስና እንጂ እርሻ አይደለም። ይሁን እንጂ የጂን አርትዖት የሚባለው ዘዴ በይዘቱ ከሙያችን የራቀ አይደለም፤ ከተሟላ ሥርዓት ውስጥ አንዲት ክፍል አውጥቶ ወይም ለውጦ የቀረው እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ነውና።

ዘዴው ባጭሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤማኑኤል ሻርፖንቲየና ጄኒፈር ዳውድና፣ ባክቴሪያዎች ቫይረስን የሚከላከሉበትን ክሪስፐር የተባለ ሥርዓት ለመቁረጫ መሣሪያነት አበቁት፤ በ2020ም የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት። አንድ መሪ ሞለኪውል የሚፈለገውን ቦታ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ያገኛል፤ አንድ ፕሮቲን ደግሞ ቦታውን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ሕዋሱ የተቆረጠውን መልሶ ሲቀጥል ጥቂት ፊደላት ሊጎድሉ ወይም ሊጨመሩ ይችላሉ፤ በዚህም ጂኑ ሥራውን ያቆማል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መቀሱን ማግኘት ሳይሆን የቱን እንቁረጥ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት መካከል የእኛው ገብስ እንደሚገኝበት ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ።

ገብስንና ስንዴን ከሚያጠቁት በሽታዎች አንዱ፣ ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስል ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ ወደ ሕዋሱ ዘልቆ ለመግባት ኤም.ኤል.ኦ. የተባለው የእህሉ የራሱ ጂን ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን አገር ይህን ጂን የሚያሰናክል ለውጥ በኤክስሬይ አማካይነት በገብስ ላይ ተገኘ። ዳሩ ግን ተመሳሳይ ለውጥ በኢትዮጵያ ገበሬዎች ማሳ ላይ ቀድሞውኑ ነበረ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ አንድ የጀርመን የጥናት ጓድ ከአገራችን ሰብስቦ በወሰደው ገብስ ውስጥ ኋላ ተለይቶ ታወቀ። ይኸው ባሕርይ ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ በጸደይ በሚዘራው ገብስ ውስጥ ገብቶ ለዐሥርተ ዓመታት በሽታውን ተከላክሏል።

የዳቦ ስንዴ ግን የዘር ውርሱ ከሦስት ምንጮች የተውጣጣ ስለሆነ ጂኑ በሦስት ዓይነት ቅጂ ይገኝበታል፤ ሦስቱም በተፈጥሮ ባንድነት ይሰናከላሉ ተብሎ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 የቻይና ተመራማሪዎች በጂን አርትዖት ሦስቱንም አሰናክለው በሽታውን የሚቋቋም ስንዴ አገኙ።

አንድን ክፍል ያለ ዋጋ ማውጣት እንደማይቻል መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል። ጂኑ የጎደለበት ሰብል ቅጠሉ ያለ ጊዜው ይገረጣል፤ ምርቱም ሊቀንስ ይችላል። በ2022 እነዚሁ ተመራማሪዎች፣ በጂኑ አካባቢ 304 ሺህ ያህል ፊደላት የጎደሉበትና ጎረቤት ጂን ይበልጥ እንዲሠራ የተደረገበት ስንዴ፣ በሽታውን እየተቋቋመ ምርቱን እንደማያጣ አሳዩ። ይህ ውጤት የተገኘው ከመጀመሪያው ቁረጣ በኋላ ብዙ ተክል በትዕግሥት በመመርመር ነው።

ለስንዴ ገበሬያችን ከዚህ ፈንገስ ይልቅ የሚያሠጋው ዋግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ስንዴያችንን በብርቱ ጎዳው። ቢጫ ዋግን ስለሚቋቋም በብዛት የተሠራጨው ዲገሉ የተባለው ዝርያ ደግሞ በ2013ና በ2014 በግንድ ዋግ ተመታ። አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሌላውን አለመፈተሽ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም። በ2022 በቻይና አንድ የስንዴ ጂን በክሪስፐር ተሰናክሎ ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ስንዴ መገኘቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም በአርሲና በባሌ ማሳ፣ በእኛ ዝናብና በእኛ የዋግ ዓይነቶች ሳይፈተን ለእኛ መፍትሔ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው የዘር ጥበቃ ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የዘር ባንክ ሀብቱን የሚያኖረው በቀዝቃዛ ክፍሎች ነው። ማቀዝቀዣው እንዳይቆም፣ መብራት ሲቋረጥ ተጠባባቂው ኃይል በጊዜው እንዲነሣ ማድረግ የእርሻ ሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የእኛም ሥራ ነው። ሁለተኛው የፍተሻ አቅም ነው። የአየር ሁኔታ መለኪያ፣ የመስኖና የቤተ ሙከራ መሣሪያ የሚተክልና የሚጠግን የአገር ባለሙያ ከሌለ፣ የተመራማሪው ውጤት ከወረቀት አያልፍም።

መቀሱን ዛሬ መግዛት ይቻላል። የጠፋን ዘር ግን የሚሸጥልን የለም፤ በማሳችን ላይ የሚደረገውንም ፍተሻ ሌላ ሰው አይሠራልንም። ገበሬዎቻችን ማንም ሳያዛቸው ያን ገብስ ለትውልድ ጠብቀው አቆይተዋል። እኛ ደግሞ ቀጣዩ ግኝት ከዘራችን ሲገኝ፣ በአገራችን ቤተ ሙከራና በአገራችን ልጆች እጅ እንዲገኝ የየበኩላችንን እንድንሠራ አደራ እላለሁ።