ደም ያየው ሰው የት ደረሰ?

ተመራቂ የጤና ባለሙያዎች፣ የአዳማ ፀሐይ በጥቁር ጋዋን ላይ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ልጆቼ፣ እኔ ሳድግ በሰፈራችን ሐኪም የሚባለው ድሬሰር ነበር። የሜኖናይት ሚሲዮናውያን በ1930ዎቹ ማብቂያ እዚሁ፣ ያኔ ናዝሬት በምትባለው አዳማ፣ በጀመሩት በኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ብዙ ድሬሰሮች ሠልጥነዋል። እናንተ ዛሬ የያዛችሁት ዕውቀት ከእነሱ በብዙ ይበልጣል። እነሱ ግን የበሽተኛውን ቤት ያውቁ ነበር። መድኃኒት ሰጥተው የሸኙትን ሰው ገበያ ላይ ሲያገኙት «ያ ነገር ቆመልህ ወይ?» ይሉታል። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህች ጥያቄ ልነግራችሁ ነው።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ የሥራ ዘመኔን በስምጥ ሸለቆ ጤና ጣቢያዎች ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ አሳለፍኩ። ሰው ሰገራውን በክብሪት ቀፎ ይዞ በጠዋት ይሰለፍ ነበር። በሌላው ዓለም ሰዉን ለአንጀት ካንሰር ምርመራ ለማሳመን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ሰገራ የመስጠት ሐፍረት ነው። የእኛ ገበሬ ግን ሆዱን ሲቆርጠው ራሱ «ሰገራ ልመርመር» ብሎ ይመጣል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ አልተጠቀምንበትም። ማይክሮስኮፕ አሜባን ያሳያል፣ ጃርዲያን ያሳያል፣ የወንጂን ቦዮች ያስቸገረውን የቢልሃርዝያ እንቁላል ያሳያል። ካንሰርን አያሳይም። አሜባ የተገኘበት ሰው ሌላ ነገር የለበትም ማለት አይቻልም።

አጎቴ መቂ አጠገብ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነበር፤ ሃምሳ ያለፈው፣ ጉልበተኛ ሰው። ሰገራው ላይ ደም ሲያይ መጀመሪያ ለማንም አልተናገረም። ሲደጋገምበት አንድ ክሊኒክ ሄደ፤ አሜባ ነው ተባለና ፍላጂል ታዘዘለት። ደሙ ቀነሰ፣ እሱም ዳንኩ አለ። የዕጢ ደም እንዲህ ነው፤ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ሲጠፋ መድኃኒቱ ይመሰገናል። ሲመለስበት ሌላ ከተማ፣ ሌላ ክሊኒክ ሄደ፤ ዳግመኛ ፍላጂል። ቀጥሎ የመብራት ምሰሶ ላይ የኪንታሮት ማስታወቂያ አይቶ የባህል መድኃኒት ገዛ። ከዚያ ድካም መጣ፤ ቦይ መጥረግ አቃተው። ደም ማነስ ነው ተባለና የብረት እንክብል ሰጡት፤ ደሙ በየት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሆዱ ተነፍቶ ለቀዶ ሕክምና ሲገባ ካንሰሩ ጉበቱ ደርሶ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት፤ ሳይሄድ ዐረፈ።

ከሠልስቱ በኋላ አክስቴ አንድ ፌስታል አወጣችልኝ። ውስጡ የላብራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ በየክሊኒኩ የወጣ የካርድ ቁጥር። ምንጣፉ ላይ በቀን በቀናቸው ደረደርኳቸው። «ደም ያለበት ሰገራ» የሚለው ጽሑፍ ከወረቀት ወረቀት ይከተለኝ ነበር። እያንዳንዱ ባለሙያ አንዷን ወረቀት አይቷል፤ ሁሉንም አንድ ላይ ያየ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ብቆጣ ታገሡኝ። ፍላጂል እዘዙ፤ በዚህ ሸለቆ አሜባ ሞልቷል። ያለ ቀጠሮ ግን አትዘዙ። ታክሞ ደሙ የተመለሰበት ሰው፣ ያለ ምክንያት ደም ያነሰው ጎልማሳ ወንድ፣ የሰገራ ልማዱ የተለወጠበት፣ አባቱ ወይም እኅቱ በአንጀት ካንሰር የተያዙበት፣ እነዚህ ሦስተኛ ፍላጂል አይሰጣቸውም። ፊንጢጣቸውን በጣታችሁ መርምሩ፣ ጻፉላቸው፣ ላኳቸው።

በሽታው ጊዜ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ እብጠት ነው፤ እሷ ካንሰር እስክትሆን 10 ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። በዚያ መካከል አንጀትን ከውስጥ በካሜራ በሚያሳየው ኮሎኖስኮፒ ከተገኘች እዚያው ተቆርጣ ትወጣለች። ብዙዎቹ ሀብታም አገሮች ምንም የማያመውን ሰው ከ50 ዓመቱ፣ አሜሪካ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ፣ በዓይን የማይታይ ደም በሚለይ የሰገራ ምርመራ ወይም በኮሎኖስኮፒ ያጣራሉ። እኛ ጋ ኮሎኖስኮፒ ያለው በትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ይበልጡንም አዲስ አበባ ነው። ቢልሃርዝያና መንጠቆ ትል ባለበት አገር ደግሞ ሰገራ ላይ የተገኘ ደም ሁሉ የዕጢ አይደለም። ትሉን አክሞ፣ ቆይቶ ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ያው ቀጠሮ ነው።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ካንሰርን ቀድሞ መፈለግ አይቻልም የሚል ካለ የማህፀን በር ካንሰርን ይመልከት። ዛሬ ነርስ በጤና ጣቢያ፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን አቼቶ ውስጥ ባለው በዚያው አሲድ ትመረምራለች፤ ክትባቱም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። የአንጀት ካንሰር በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ላይ በወንዶች ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው። ወንዶቹን የሚጠራቸው ግን ገና የለም።

እናንተ ጥሯቸው። ኦቦ እገሌ ስለ ሰገራው መናገር ከከበደው በፔሌ ጀምሩለት፤ በባቱም በቡልቡላም እግር ኳስ የማይወድ አዛውንት እንኳ ፔሌን ያውቃል። ያ ሰው የአንጀት ዕጢው በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በመደበኛ ምርመራ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ዐረፈ። ወሬውን በኦሮምኛ አውሩት፣ ሚስቱ ባለችበትም ይሁን፤ ደሙን ልብሱ ላይ ቀድማ የምታየው ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

አሁን የምለምነው መምህራኑንና የጤና ቢሮ ኃላፊዎችን ነው። እናቶቻችን የልጆቻቸውን የክትባት ካርድ ከቤቱ ካርታ ጋር በሳጥን አስቀምጠው ለዓመታት ያቆያሉ፤ ሲጠየቁ ያወጣሉ። ለትልቅ ሰውም እንዲህ ያለ፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞት የሚሄድ ደብተር ስጡት። የታየው ምልክት፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ የቀጠሮው ቀን ይጻፍበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ትክፈተው። ማሳተሚያ እስኪገኝ ድረስ ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል፤ ልጆቼ፣ ሰኞ ሥራ ስትገቡ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። እባካችሁ፣ በሚነበብ ጽሑፍ ጻፉ።