ወደ ኢትዮጵያ ስትሄዱ ሻንጣችሁን እንደ ወቅቱ አዘጋጁ



ዘመድ ለመጠየቅ ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ጎንደር ለመሄድ ስታስቡ፣ ሻንጣችሁን በደጃችሁ ባለው አየር ሳይሆን በምትደርሱበት አገር አየር መጠን አዘጋጁ።

ልጆች ከትምህርት የሚያርፉባቸው ዩሊና አውጉስት በእስራኤል ሐሩር ናቸው። በጎንደር ግን ሐምሌና ነሐሴ ዋና ክረምት ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ብርዱ ይጠናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማና ቅያሪ ካልሲ ያዙ።

በዴሴምበርና በያንዋር ደግሞ እዚህ ዝናብ፣ እዚያ በጋ ነው። ለቀኑ ፀሐይ ባርኔጣና ስስ ልብስ፣ ለሌሊቱ ብርድ ጋቢ ወይም ሹራብ ያስፈልጋል። ስትመለሱ የምትለብሱትን ካፖርት በእጅ ሻንጣችሁ አድርጉት።

ባዶ እጅን ዘመድ ቤት መግባት እንደሚከብድ እናውቃለን። ሆኖም ስጦታው የልጁን ሹራብ ከሻንጣ አያስወጣው።

«አገሬን አውቀዋለሁ» ማለትም ከወባ አያድንም። እዚህ የተወለደ ልጅ ሰውነት ወባን አልለመደም፤ የአዋቂውም የመከላከል ኃይል ከአገሩ ርቆ ሲቆይ ይደክማል። በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ወደ ቆላ የምትወርዱ ተጠንቀቁ። ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት አስቀድማችሁ በኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁን ስለ ክትባትና ስለ ወባ መከላከያ ጠይቁ። በየቀኑ የምትወስዱትን መድኃኒት ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር በእጅ ሻንጣችሁ ያዙ፤ ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይ እንኳ መድኃኒታችሁ አይለያችሁም።

በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።