የጨቅላ ልጃችሁ ፊት ብጉር ሲያወጣ



ተራችሁ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ቤት ስለሚያስጨንቅ አንድ ጉዳይ ጥቂት እንነጋገር።

ልጃችሁ ሲወለድ ፊቱ የጠራ ነበር። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው ግን ጉንጩ፣ ግንባሩና አፍንጫው ላይ ጥቃቅን ብጉር ወጣበት። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ የመሰለውን ይናገራል። አንዱ «ገንፎው ላይ በርበሬ በዝቶ ነው» ይላል፤ ሌላው «ወተትሽ አልተስማማውም» ይላል። እናትም ጥፋቱ የእርሷ ይመስላትና ምግቧን ትቀንሳለች፤ አንዳንዷም ጡት ማጥባት ታቆማለች። እንግዲህ ልጁን የሚጎዳው ብጉሩ ሳይሆን ይህ ነው።

ይህ ዓይነቱ ብጉር ከ100 ጨቅላ ሕፃናት በ20ዎቹ ገደማ ላይ ይታያል። በሆርሞን ምክንያት የሕፃኑ የቆዳ ቅባት ይበዛል፤ በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ የሚኖር አንድ ዓይነት ፈንገስም ብጉሩን ሳያባብሰው አይቀርም። እናት የበላችው ምግብ አያመጣውም። አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ጠባሳ ሳይተው ይጠፋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. እጃችሁን ታጥባችሁ የልጁን ፊት በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ እጠቡ። ሳሙና ካስፈለገ ለስላሳና ሽታ የሌለው ይሁን።
2. አትፈትጉት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አድርቁት። ሲያቀርሽም ቶሎ ጥረጉለት።
3. ቅቤ፣ ዘይት ወይም ቫዝሊን ፊቱን አትቀቡት፤ የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍናል።
4. ብጉሩን አታፍርጡት፤ ቁስል ይሆንና ያመረቅዛል።
5. ጡት ማጥባታችሁን ቀጥሉ። እስከ 6 ወር ድረስ ሌላ ምግብም ሆነ ውኃ አያስፈልገውም።

አባቶች ሆይ፣ ለእናንተም አደራ አለን። ለአዋቂ ብጉር የሚሸጥ ቅባት ገዝታችሁ አትምጡ። በተለይ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት የሕፃኑን ስስ ቆዳ ይበልጥ ያሳሳል፤ ወደ ሰውነቱም ይሰርጋል። ከቅባቱ ይልቅ ባለቤታችሁን «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብሎ ማጽናናት ይበልጣል።

ሆኖም ሁሉም ሽፍታ ብጉር አይደለም። መግል ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ ዙሪያው ቀልቶ ካበጠ፣ ወይም ከፊት አልፎ ሌላው ገላው ላይ ከወጣ ልጁን በዕለቱ ወደ ጤና ድርጅት ውሰዱት። ጡት አልጠባ ካለ፣ ሰውነቱ ከዛለ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን አትዘግዩ።

በ6ኛው ሳምንት ልጁን ለክትባት ስታመጡ ፊቱን ለነርሷ አሳዩአት። በዚያው ቀን እናትም ትመርመር፤ ቀጣዩን ልጅ መቼ እንደምትፈልጉም ሁለታችሁ አብራችሁ ተማከሩ።

ልጃችሁን ያሳድግላችሁ!